ስለ ጅብ የተጻፈው ግማሽ እውነትና የመርዙ ምክር

ሰሞኑን «ስለ ጅብ የማያውቋቸው አስገራሚ እውነታዎች» የሚል ጽሑፍ በማኅበራዊ ሚዲያ እየተቀባበሉት ነው። ጅብ ወንድም ሴትም ነው፤ የውሻ ዘር ነው፤ ፈሪ ስለሆነ ጥንብ ብቻ ይበላል፤ ከፍጥረት ሁሉ ኃይለኛው ንክሻ የእሱ ነው፤ ቀንድ ሳይቀር ይፈጫል፤ ሲጠግብ ይስቃል፤ መብራት ካየ አይቀርብም ይላል። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ፈገግ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ጸሐፊው ግን መጨረሻ ላይ «በየከተማው ዳር የሚርመሰመሰውን ጅብ በተመረዘ ሥጋ ማጥፋት ርካሹ መፍትሔ ነው» ብለው ይዘጋሉ። ይህ ምላሽ በዋናነት የተጻፈው ለዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። ምክሩ የሚበላሸው ግን ከላይ በተደረደሩት ነጥቦች ምክንያት ስለሆነ በተራ እንያቸው።

በመጀመሪያ ፎቶው። ጽሑፉ ላይ የተለጠፈው እንስሳ ጆሮው ሾጠጥ ያለ፣ ከማጅራቱ እስከ ጭራው ረጅም ጋማ ያለውና ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር የወረደበት ነው። እሱ ባለ መስመሩ ጅብ ነው። ጽሑፉ የሚያወራው ደግሞ ክብ ጆሮና ነጠብጣብ ስላለው፣ ማታ ማታ በየሰፈሩ ስለሚጮኸው ጅብ ነው። በዓለም ላይ 4 የጅብ ዝርያዎች አሉ፤ 3ቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገኛሉ። ነጠብጣባሙና ባለ መስመሩ ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው በአመዛኙ ምስጥ እየላሰ የሚኖር፣ ከቀበሮ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ እንስሳ ነው። አራተኛው ቡናማው ጅብ የደቡባዊ አፍሪካ ነው። ከዚህ በታች ጅብ ስንል ነጠብጣባሙን ነው።

«ጅብ ወንድም ሴትም ነው፤ ፆታውንም ይቀያይራል»

ይህ ወሬ ዕድሜ ጠገብ ነው። አርስጣጣሊስ ከ2,300 ዓመታት በፊት ሰምቶት ሐሰት መሆኑን ጽፏል። ወሬው እስከዛሬ ያልሞተው ከጀርባው እውነተኛ የሚያስገርም ነገር ስላለ ነው። የሴቷ ጅብ ቂንጥር ረዝሞ የወንዱን ብልት ያክላል፤ እንደ ወንዱም ይቆማል። ሌሎች አጥቢ እንስሳት ያላቸው ውጫዊ የብልት ቀዳዳ የላትም፤ ከንፈሮቹ ገጥመው ስብ ሞልቷቸው ከሩቅ ሲያዩት ቆለጥ ይመስላል። ሽንቷን የምትሸናው፣ የምትጠቃውና የምትወልደው በዚያው በረዘመው አካል ውስጥ በሚያልፍ አንድ ቱቦ ነው። የአካል ጥናት ሊቁ ሞሪሰን ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ይህን በዝርዝር ገልጾ ጽፏል። እንግዲህ ከውጭ ወንድ ብትመስልም ከውስጥ ማህፀንና እንቁልጢ (የእንቁላል ማመንጫ) ያላት ሙሉ ሴት ናት። ወንዱም ሙሉ ወንድ ነው። ፆታ የሚቀይር ጅብ የለም።

ታዲያ ባለሙያ እንዴት ይለያቸዋል? ጡቱ የወረደ ጅብ ካየን እናት መሆኗን ማወቅ ቀላል ነው። ያልወለደች ከሆነች ግን መታየት ያለበት የብልቱ ጫፍ ነው፤ የወንዱ ሾል ብሎ ማዕዘን ሲያወጣ የሴቷ ደነዝና ወፍራም ነው። ይህም የሚታየው ብልቱ ሲቆም ብቻ ነው። ደግነቱ ጅቦች ሲገናኙ ሰላምታቸው ጎን ለጎን ተገትረው፣ አንድ የኋላ እግር አንስተው ያንኑ ክፍል መሸታተት ስለሆነ ለተመልካች ዕድሉ አይጠፋም። ስህተቱ በባለሙያም ላይ ይደርሳል። በጃፓን ሳፖሮ የሚገኘው የማሩያማ መካነ እንስሳት እ.ኤ.አ. በ2010 ከደቡብ ኮሪያ ሁለት ጅቦች ተቀብሎ ወንድና ሴት ናቸው በሚል ሊያዋልዳቸው ቢደክም ቢደክም አልሆነለትም። በ2014 አደንዝዘው ሲመረምሯቸው ሁለቱም ወንድ ሆነው ተገኙ።

ጽሑፉ ያልነካው ነገር ይህ አፈጣጠር የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። የመውለጃው ቱቦ ርዝመት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን መሐል ላይ እጥፍ ይላል። እትብቱ ደግሞ 18 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ግልገሉ ገና መንገድ ላይ እያለ እትብቱ ይሳባል፣ የእንግዴ ልጁም ይላቀቃል፤ መውጫው ከጠበበ ታፍኖ ይሞታል። በካሊፎርኒያ በርክሊ በነበረው የምርምር ማዕከል የመጀመሪያ ወሊድ ላይ ከነበሩ ግልገሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሞተው ተወልደዋል። በመጀመሪያው ምጥ የብልቱ ጫፍ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ስለማይገጥም ቀጣዮቹ ወሊዶች ይቀላሉ። በነገራችን ላይ ተመራማሪዎች የወለደችን ጅብ በሩቅ የሚለዩበት አንዱ ምልክት ያው ስንጥቅ ነው።

«የወንድ ሆርሞን ስለሚበዛባት ነው» የሚለው የጽሑፉ ማብራሪያም እኩሌታው ብቻ ትክክል ነው። የእርጉዟ እንቁልጢ የሚያመነጨውን ሆርሞን የእንግዴ ልጁ ወደ ቴስቶስትሮን ይቀይረዋል፤ ይህ እርግጥ ነው። ሆኖም በበርክሊ እርጉዝ ጅቦች የወንዴ ሆርሞንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ተሰጥቷቸው የወለዷቸው ሴት ግልገሎች የብልታቸው ቅርጽ ቢለወጥም ረጅሙ አካል ግን አልቀረም። ሆርሞኑ ብቻ ቢሆን መቅረት ነበረበት።

የሴቷን የበላይነት በተመለከተ ደግሞ ጸሐፊው «ሴቷ በጉልበት ስለምትበልጥ መንጋውን ትገዛለች» ይላሉ። ልዩነቱ ግን ጥቂት ነው፤ ሴቷ በክብደት ወንዱን የምትበልጠው ብትበልጥ በአንድ አስረኛ ነው። በታንዛንያ ንጎሮንጎሮ ጅቦችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ጉዳዩ የወገን ብዛት እንደሆነ አሳይቷል። ሁለት ጅቦች ሲጋጠሙ የሚያሸንፈው ቢጠራ ብዙ ደጋፊ የሚመጣለት ነው። ሴቶቹ ተወልደው ባደጉበት መንጋ ከእናት፣ ከእህትና ከአክስት ጋር ይኖራሉ፤ ወንዶቹ ግን ከ2 ዓመት ዕድሜ በኋላ ብዙዎቹ ወጥተው በማያውቁት አገር መጤ ይሆናሉ። ወገን የሌለው መጤ ደግሞ ለሴቷ ግልገል ሳይቀር መንገድ ይለቃል። ይህ የወንዶቹ ስደት ኋላ ላይ ወደ መርዙ ስንደርስ ስለሚያስፈልገን ይያዝልን።

«የውሻ ዘር ነው»

አይደለም። ጅብ በዘር ሐረጉ የሚቀርበው ለድመትና በተለይ ሞንጉዝ ለሚባለው ትንሽ አዳኝ እንስሳ ወገን ነው። ውሻ የሚያስመስለው ሩጫው ነው፤ ሁለቱም አድኖ በረጅም ርቀት ለማድከም የተሠራ እግር አላቸው። ዘር ሳይገናኝ ኑሮ ያመሳሰላቸው ናቸው።

«ፈሪ ስለሆነ ጥንብ ብቻ ይበላል»

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ለሰፈር ሰው የሚጠቅመው ነገር ያለው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሃንስ ክሩክ የተባለው ተመራማሪ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ሌሊት ሌሊት ጅቦችን ሲከታተል ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘው። ጎብኚ ጠዋት ሲደርስ አንበሳው ሬሳው ላይ ተኝቷል፤ ጅቦቹ ዙሪያውን ይዞራሉ። አዳኙ አንበሳ፣ ለማኙ ጅብ ይመስላል። ሌሊቱን ያየ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የገደሉት ጅቦቹ መሆናቸውንና ጩኸታቸውን ሰምቶ የመጣው አንበሳ እንደቀማቸው ያውቃል። በኬንያ ማሳይ ማራ፣ ታሌክ በሚባለው አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በኬይ ሆልካምፕ በሚመራው ጥናት ጅቦቹ ከሚበሉት 95 በመቶ ያህሉ ራሳቸው የገደሉት ሆኖ ተገኝቷል። በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ፤ ብዙውን ጊዜም አደኑን አንዱ ጅብ ለብቻው ይጀምረዋል።

«ያ የኬንያ ነው፤ የእኛው ጅብ ግን ቆሻሻ ነው የሚበላው» የሚል ካለ መልሱ ከራሳችን አገር አለ። ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በትግራይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት የጅብን አመጋገብ ከዐቢይ ጾም ጋር አያይዞ መረመረ። የዱር አራዊት በተመናመነበት በዚያ አካባቢ ጅብ የሚኖረው በሰው ዙሪያ በሚገኝ ነገር ነው፤ ከሥጋ ቤት፣ ከቄራና ከየጓሮው በሚጣል አጥንትና የሆድ ዕቃ። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀናት ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ እርድ ይቆማል፣ የሚጣለውም ይጠፋል። ጅቡ ምን ይበላል?

አሠራሩ ቀላል ግን ብልህ ነው። የጅብ እዳሪ ከአጥንቱ ካልሲየም የተነሳ ሲደርቅ ኖራ ይመስላል፤ ፀጉር ግን ስለማይፈጭ ውስጡ እንዳለ ይቀራል። ፀጉሩ ታጥቦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የላዩ ቅርፊት ንድፍና የመሐሉ ክፍል ከእንስሳ እንስሳ ስለሚለያይ የአህያ፣ የበግ፣ የከብት ወይም የውሻ መሆኑ ይታወቃል። ተመራማሪዎቹ 553 እዳሪ ሰብስበዋል። የሰበሰቡበት ቀን ነው ብልሃቱ፦ ጾሙ በገባበት ቀን የተገኘው ከጾም በፊት የተበላውን ያሳያል፤ ጾሙ ሊፈታ ሲል የተገኘው በጾሙ ወቅት የተበላውን፤ ከዚያ ከ55 ቀናት በኋላ የተገኘው ደግሞ የፍስኩን። የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾም በፊት 14.8 በመቶ፣ በጾሙ 33.1 በመቶ፣ ከጾም በኋላ 22.2 በመቶ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ፀጉር ብቻውን አህያው ተገድሎ ይሁን ሞቶ ተጥሎ አይናገርም። ሆኖም በጾም ወቅት ብቻ የአህያ ሞት በእጥፍ የሚጨምርበት ምክንያት የለም፤ ጥናቱም የደረሰበት ጅቡ ወደ አደን መዞሩን ነው።

ስለዚህ ጅብ «ጥንብ በል» ወይም «አዳኝ» ተብሎ በአንድ ስም የሚታሰር አይደለም። የሚጣል ካገኘ ይለቅማል፤ ካጣ ያድናል። ፍርሃትም ጀግንነትም ሳይሆን የወጪና የገቢ ስሌት ነው። ለአህያ ባለቤት ደግሞ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ከሁዳዴ መግቢያ እስከ ፋሲካ አህያ ውጭ አይታደርም። በተለይ እግሩ ታስሮ ሜዳ ላይ የሚለቀቅ አህያ ማምለጥም መራገጥም አይችልም።

«ከፍጥረት ሁሉ ኃይለኛው ንክሻ»

በርክሊ በነበሩት ጅቦች ላይ በመሣሪያ የተለካው ከፍተኛ ንክሻ 4,500 ኒውተን ያህል ነው። ይህም 450 ኪሎ ግራም ክብደት አንድ ጥርስ ላይ እንደ መጫን ነው፤ የሚናቅ አይደለም። ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት የአውስትራሊያው የባሕር ዳርቻ አዞ 16,414 ኒውተን ተለክቷል። አዞው ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል ማለት ነው።

የጅብ ልዩነቱ ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። አጥንት የሚሰብረው ከክራንቻው ኋላ ባሉ ወፋፍራምና ሾጣጣ ጥርሶቹ ነው፤ ሥጋ የሚቆርጥባቸው ስለታም ጥርሶች ከእነሱ በስተኋላ ተለይተው ስለሚቀመጡ አጥንት እየሰበረ ስለቱን አያበላሽም። አንበሳ ይህ ክፍፍል ስለሌለው ትልልቁን ቅልጥም ትቶ ይሄዳል፣ ጅቡ ሰብሮ መቅኔውን ይልሳል። መሣሪያው ግን ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል። የጅብ ራስ ቅልና መንጋጋ ሙሉ ጉልበት የሚያገኘው ከ2 ዓመት ዕድሜው በኋላ ስለሆነ ጡት የጣለ ግልገል ትልልቆቹ ጋር እኩል መሻማት አይችልም። እናቱ ደረጃ ካላት ቦታ ታስለቅቅለታለች፣ ከሌላት ይራባል። ሆልካምፕና ባልደረቦቿ የሴቶቹ ኃይለኝነት የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

«ቀንድ ሳይቀር ይፈጫል» የተባለውስ? አጥንትን አዎ፤ የጨጓራው አሲድ ያሟሟዋል። ፀጉር፣ ሰኮናና የቀንድ ቅርፊት ግን አይፈጩለትም። ቀንድ ሁለት ነገር ነው፦ ከውስጥ የአጥንት እምብርት፣ ከላይ ደግሞ እንደ ጥፍር ያለ ቅርፊት። እምብርቱን ይበላዋል፤ ቅርፊቱን ከፀጉሩ ጋር ጠቅልሎ ይተፋዋል፤ ከዚያም፣ ደስ ባይልም፣ ትፋቱ ላይ ይንከባለልበታል። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» ያሉት አባቶች በዚህ ነጥብ ከጽሑፉ ይልቅ ለሳይንሱ ይቀርባሉ።

«ሲጠግብ ይስቃል»

ሳቅ የሚመስለው ድምፅ ሲጠግብ ሳይሆን ሲከለከል የሚያወጣው ነው። ሬሳ ላይ ቆሞ በበላይ ጅብ የተገፋ፣ የተነከሰ ወይም አጥንቱን የተቀማ ነው እንደዚያ የሚሆነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኒኮላ ማትቮንና በባልደረቦቹ የወጣ የድምፅ ትንተና እንዳሳየው ከሳቁ ቅጥነት የጅቡ ዕድሜ፣ ድምፁ ከሚለዋወጥበት መጠን ደግሞ በመንጋው ውስጥ ያለው ደረጃ ይታወቃል። ታናናሾቹ ድምፃቸውን አብዝተው ይለዋውጣሉ።

ሌሊት ከሩቅ የምንሰማው፣ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው «ኡ...ውብ» ሌላ ነው። እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል፤ የእያንዳንዱ ጅብ ድምፅም ይለያል። ተመራማሪዎች የተቀዱ የማያውቋቸው ጅቦች ድምፆችን ሲያሰሟቸው አንድ እንግዳ ብቻ ሲጮህና ሦስት ሲጮሁ የሚሰጡት ምላሽ ተለያይቷል፤ ባልንጀራዎቻቸው አብረው ካሉ ይቀርባሉ፣ ብቻቸውን ከሆኑ ይጠነቀቃሉ። እየቆጠሩ ነው ማለት ይቻላል።

«መብራት ካየ አይቀርብም፤ ካልነኩት ሰው አይነካም»

ለመጀመሪያው ሐረር በቂ ምስክር ናት። በጁገል ግንብ ዳር ማታ ማታ ለእንግዳ የሚታየው የጅብ ምገባ የሚካሄደው በመኪና መብራት ነው። ጅቦቹ በብርሃኑ መሐል ቆመው ከእንጨት ላይ ሥጋ ይቀበላሉ። እንግዳ ነገር ጅብን ያስደነግጣል፤ የለመደው ነገር አያስደነግጠውም። በረት ላይ አንድ አምፖል ሰቅሎ ለዓመታት መተው ከጥቂት ሌሊቶች በላይ አይጠቅምም።

ሐረርን ያነሳነው ለሌላም ነው። ብዙ ሰው የሐረር ጅብ ለማዳ ሆኗል ብሎ ያምናል። ለማዳ አይደለም፤ ከተወሰኑ ሰዎች፣ ከተወሰነ ቦታና ሰዓት ጋር የተስማማ የዱር እንስሳ ነው። ከተማው ለዚህ ስምምነት ከጥንት ጀምሮ ቦታ አበጅቶለታል፤ ግንቡ ላይ ሐረሪዎች «ዋራባ ኑዱል» የሚሏቸው የጅብ ማለፊያ ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡ ሌሊት በዚያ ገብቶ የመንገዱን ትራፊ ጠርጎ ይወጣል። ይህን አይቶ ሌላ ከተማ ዳር በእጁ ጅብ ሊመግብ የሚሞክር ሰው እጁን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ልጅ አደጋ ላይ ይጥላል፤ ጅቡ «ሰው ማለት ምግብ» ብሎ ይማራልና።

«ካልነኩት አይነካም» የሚለው ይበልጥ አደገኛ ነው። ጅብ ሰው ያጠቃል፤ የሚያጠቃውም በአብዛኛው ሕፃናትን፣ ደጅ የሚያድሩትንና ሰክረው መንገድ ላይ የወደቁትን ነው። ሌሊት ጅብ ያጋጠመው ሰው መሮጥ የለበትም፤ ሩጫ አደኑን ይቀሰቅሳል። ፊትን ወደ እሱ አዙሮ፣ ልጅ ካለ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ በኃይል እየጮኹ ወደ ኋላ ቀስ እያሉ ማፈግፈግ ነው። የያዙት ሥጋ ካለ መጣል፤ ጅቡ የመጣው ለእሱ ሊሆን ይችላል።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጥ ማጠብ አለበት። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስን ለመቀነስ የመጀመሪያውና በየትኛውም ገጠር የሚገኘው ሕክምና ነው። ቡና፣ አመድ ወይም ቅጠል መጠቅጠቅ ግን ቫይረሱን ውስጥ ያስቀረዋል። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን መጀመር፣ የጀመሩትንም «ድኛለሁ» ብሎ አለማቋረጥ ያስፈልጋል። የሚደማ ትልቅ ቁስል ካልሆነ በቀር ወዲያው እንዲሰፋ አለመጠየቅ ነው፤ የሚሰፋም ከሆነ አስቀድሞ በቁስሉ ዙሪያ መከላከያ ሴረም ይወጋል።

እንግዲህ ወደ መርዙ

ጸሐፊው «ርካሽ» ያሉት ምን እንደሚያስከትል በቅደም ተከተል እንየው። የተመረዘ ሥጋ ማታ ሜዳ ላይ ይጣላል። በመጀመሪያ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ውሻ ነው። ጅብ ሲደርስ ከበላ በኋላ ሊተፋ ይችላል፤ ትፋቱም መርዝ ነው። ጠዋት ጥንብ አንሳና ጭልፊት ይወርዳሉ። አንድ ሬሳ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ጥንብ አንሳዎች ስለሚሰበሰቡ አንድ የተመረዘ ሥጋ የሚገድለው ወፍ ከጅቡ ይበዛል። በኬንያ ለሰብል ተባይ የተሠራው ካርቦፉራን የተባለ መድኃኒት በዚህ መንገድ አንበሳም ጥንብ አንሳም ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎችን «ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት» መዝገብ ያሰፈራቸው አንዱ ምክንያት መርዝ ነው። አራቱም ኢትዮጵያ ውስጥ አሉ።

ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ህንድ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለከብት ይሰጥ የነበረ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ሬሳውን የበሉትን ጥንብ አንሳዎች ኩላሊት እያበላሸ በጣት እስኪቆጠሩ ጨረሳቸው። ሬሳው ሜዳ ላይ ቀረ፤ የባዘነ ውሻ በዛ። በኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ሰው በዋናነት የሚያስተላልፈው ደግሞ ውሻ ነው።

መርዙ ለታለመለትስ ይሠራል? እዚህ ላይ ነው ያ የወንዶቹ ስደት የሚመጣው። በየዓመቱ ከየመንጋው ወጥተው ቦታ የሚፈልጉ ወጣት ወንዶች አሉ። የቆሻሻ ክምሩ እስካለ ድረስ ባዶ የቀረው ግዛት ባዶ አይቆይም፤ ከአጎራባች መንጋ ሴቶችም ተከፍለው ሊሰፍሩበት ይችላሉ። የሞቱት ጅቦች የሰፈሩን መንገድና ሰው የሚያውቁ ነበሩ፤ የሚተኩት አያውቁም። ከዚህ ሁሉ በላይ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ መግደልን ስለሚከለክል ምክሩ ሰውን ወደ ወንጀል የሚመራ ነው።

የመቀሌው ስሌት ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። ቺንማይ ሶናዋኔ፣ ጊደይ ይርጋና ኒል ካርተር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት የከተማዋ ዙሪያ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ሬሳና ተረፈ እርድ እንደሚያስወግዱ ገምተዋል። በዚህም በዓመት 5 ሰዎችንና 140 ከብት፣ በግና ፍየሎችን ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ ያድናሉ፤ በገንዘብ ሲሰላ 52,000 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነው። እዚህ ላይ ግን ለጅብ ጠበቃ ነን የሚሉትም እንዳያጋንኑ፦ 207 ቶኑ ከሚጣለው ሁሉ 4.2 በመቶው ብቻ ነው። ጅብ ማዘጋጃ ቤትን አይተካም። የቀረው 95 በመቶ በላይ የሚሆነው ግን ነገም ሌላ ጅብ የሚጠራው እሱ ነው።

ስለዚህ ሥራው ያለው ከጅቡ ሳይሆን ከሚጣለው ላይ ነው። ለበዓል በየግቢው ሲታረድ የሆድ ዕቃው፣ ደሙና አጥንቱ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ወንዝ ዳር ይጣላል፤ በማግስቱ ሰፈሩ በጅብ ይታመሳል። መቅበር የሚቻል ከሆነ ጉድጓዱ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይጥለቅ፤ ከላይ ከግማሽ ሜትር የበለጠ አፈር ተጠቅጥቆ ትልልቅ ድንጋይ ይደርደርበት። ድንጋዩ የተዘለለበት ጉድጓድ ጅብ በአንድ ሌሊት ቆፍሮ ያወጣዋል፤ ብዙዎች «ቀብረነውም አወጣው» የሚሉት ለዚህ ነው። ድንገት የሞተና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣው ከብት ግን አይበለትም፣ አይከፈትም፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም ተነግሮ ይቃጠላል ወይም ከነቆዳው 2 ሜትር ጠልቆ ይቀበራል።

በረትን በተመለከተ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ አጥሩ ሳይሆን በሩ ነው። ዙሪያውን በድንጋይ ከሰው ቁመት በላይ ከፍ አድርጎ በሩን በጭራሮ የዘጋ ሰው ምንም አልሠራም። በሩ ከጣውላ ወይም ከቆርቆሮ ሆኖ ከታች ከመሬት ጋር ይግጠም፣ በመቀርቀሪያም ይዘጋ። ጅብ ከመዝለል ይልቅ መቆፈርና በጠባብ መሹለክ ስለሚቀናው የአጥሩ እግር በድንጋይ ይሞላ። የእሾህ አጥር የሆነ እንደሆነ ደግሞ በበጋ ደርቆ ይሳሳል፤ ዐቢይ ጾም የሚውለው ያኔ ስለሆነ አዲስ እሾህ የሚጨመረው ከቅበላ በፊት ነው።